አባቴ ያረፉበት የካራቫን ሜዳ

ስዊዘርላንድ ውስጥ አቧራ የለም የሚላችሁ ሰው ከአባቴ ጋር ተጉዞ አያውቅም ማለት ነው። እኔ ግን ተጉዣለሁ። ያን ቀን ከጆሮዬ የወጣው አፈር ብትዘሩበት ጎመን ያበቅል ነበር።

አባቴ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት በአፋር በረሃ ከባድ መኪና ነድተዋል። ባለፈው ሐምሌ ሊጠይቁን መጥተው ረገንስዶርፍ እኔ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከረሙ። እኔ ቪንተርቱር ወጥ ቤት ውስጥ በፈረቃ ነው የምሠራው። ጠዋት ወጥቼ ማታ ስመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት፣

«ልጄ፣ ትኬቴን አስቀይርልኝ። ልሂድ» አሉኝ።

«ምን ጎደለዎት አባባ?»

«ምንም አልጎደለኝም። እሱ ነው ያስቸገረኝ።»

ታናሽ እህቴ ሰዓዳ ጄኔቭ፣ ሻትሌን ነው የምትኖረው። ይህን ስትሰማ አኮረፈች። ገና እሷ ዘንድ አልሄዱም፤ እሷ ግን ለእሳቸው ብላ መጋረጃ ሳይቀር ቀይራለች። ስለዚህ በባቡር መሄዱን ትቼ መንገዱ እንዲጥማቸው ከሥራ ባልደረባዬ ካራቫን ተዋስኩ፦ አልጋና ምድጃ ያለው መኪና።

አውቶባን በሚሉት ፈጣን መንገድ ላይ አንድ ሰዓት እንደሄድን አባቴ ማዛጋት ጀመሩ።

«ጉድጓድ የለው፣ ጠመዝማዛ የለው። እዚህ አገር ሹፌሩ ምን ይሠራል?»

ላስደስታቸው ብዬ ኑሻቴል ሐይቅ አካባቢ ወደ አንድ የጠጠር መንገድ ታጠፍኩ። ለሳምንታት ዝናብ አልጣለም። ከፊታችን ድርቆሽ የጫነ ትራክተር ይሄዳል፤ ከኋላው የሚነሣው አቧራ ሰማዩን ሸፍኗል። የአባቴ ዓይን በራ።

«አትጠጋው። መስኮት ዝጋ። ማርሽ ቀንስ። እንዲህ ነው!»

መስኮቱን ዘጋሁ። የጣሪያውን መስኮት ግን ሁለታችንም ረሳነው… ስንቆም ፍራሹ በርበሬ የተነፋበት ይመስል ነበር።

ሐይቁ ዳር ለካራቫን የተከለለ ሜዳ አገኘን። ተቀባይዋ ሴትዮ በሹክሹክታ በጀርመንኛ፣ «እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት የጸጥታ ሰዓት ነው» ብላ አንድ ዛፍ ሥር አስቆመችን። የነገረችኝን ለአባቴ ተርጉሜ ሳልጨርስ ፍራሹን አውጥተው በዱላ ይደበድቡት ጀመር። ድው! ድው! ሜዳው ላይ የተኛው ሁሉ ቀና አለ። ከጎረቤት ካራቫን አንድ ሽበታም ሰውዬ በእግሩ ጣት እየተራመደ መጣ። እኔ ከፈረንሳይኛ የማውቀው «ይቅርታ» የሚለውን ስለሆነ እሱን ደጋገምኩለት። ሰውዬው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ለአባቴ ለስላሳ ብሩሽ ሰጣቸውና የፍራሹን ሌላ ጫፍ ያዘ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው፣ ኮሽታ ሳያሰሙ ግማሽ ሰዓት አራገፉ።

ከዚያ አባቴ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ጋደም ብለው፣ ዝንብ እንዳያስቸግራቸው ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ተኙ። ከመጡ እንዲህ ሲተኙ አይቼ አላውቅም። ያለንበትን ቦታ ለሰዓዳ ላክሁና ደወልኩላት። የጠዋት ፈረቃዋን ገና አልጨረሰችም ነበር።

«የት ቀራችሁ?» አለችኝ።

ሹክ አልኩ፦ «አንደርስም። አባባ አርፈዋል።»

ሽበታሙ ጎረቤታችን ዞር ብሎ ሲያየኝ አፈርኩና ስልኬን አጠፋሁት። እናንተ አሁን ገብቷችኋል፤ እኔ ግን አጠገባቸው ሣሩ ላይ ተጋድሜ እንቅልፌን ለጠጥኩ።

የቀሰቀሰኝ ጩኸት ነው። ሰዓዳ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ በባቡርና በታክሲ ደርሳ፣ ፊታቸው የተሸፈነውን አባቷን ስታይ «አባዬ!» ብላ ወደቀችባቸው። ሟቹ ከነወንበራቸው ተገለበጡ።

«ሱብሃነላህ! ማነው የሞተው?»

«እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። ሌላ የምለው አልመጣልኝም።

ሰዓዳ እየሳቀች አለቀሰች፤ ከዚያም በጫማዋ መታችኝ። ደግነቱ ኮምቦልቻ ደውላ ለማርዳት ድፍረት አጥታ ነበር። አባቴ አቧራቸውን አራግፈው ወንበሩን አቅንተው ተቀመጡ።

«ለልቅሶዬ ሥራ ጥሎ መምጣት ይቻላል ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ከመጣሁ ሁለታችሁን አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ሳይ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሰዓዳ ጫማዋን ቀስ ብላ አጠለቀች።

«ከሥራ ስንት ቀን ሰጡሽ?»

«ሦስት። የሐዘን ፈቃድ ነው። ግን አባዬ፣ ደውዬ እውነቱን መናገር አለብኝ።»

«ንገሪያቸው። እኔም ትኬቴን ማስቀየሩን ትቼዋለሁ።»

ሰዓዳ ለአለቃዋ ደወለች። በፈረንሳይኛ ብዙ አስረዳች፤ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ከዚያ አዳመጠችና ስልኩን ዘጋች።

«ምን አለችሽ?» አልናት።

«ለሞተ አባት ሦስት ቀን ነው ሕጉ። ከሞት ለተነሣ ግን ሕግ ስለሌለ ሳምንቱን ሙሉ ውሰጂ አለችኝ።»