የአቶ ክላይድ ሻንጣ

«ክቡር ገጣሚያችን አቶ ክላይድ መጽሐፋቸውን ጨርሰው አገራቸው ሊገቡ ነው» የሚለው ወሬ ከጊዮርጊስ ተነስቶ ፒያሳ ሲደርስ ማኪያቶዬ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። እኔ ግን አላመንኩም። መሄዳቸውን አይደለም፤ መጨረሳቸውን። ካፌ ውስጥ የሚጽፍ ገጣሚ፣ የኦሃዮም ይሁን የእሪ በከንቱ፣ ይጀምራል እንጂ አይጨርስም።

ክቡርነታቸው አሜሪካ ሳሉ ሦስት የግጥም መጽሐፍ አሳትመዋል፤ አንዱ ተሸልሟል፤ ዩኒቨርሲቲም አስተምረዋል። ከዚያ «ለሁለት ሳምንት» ብለው ፒያሳ መጡ። ይኸው ዘጠኝ ዓመታቸው። አራተኛው መጽሐፍ አንዲት ግጥም ትቀረዋለች፤ ግጥሟ ደግሞ አንዲት ስንኝ።

ስንኟ ግን ለተቀመጠ ሰው አትመጣም። አንድ ቃል ጽፈው ይነሳሉ፤ ቃሉን ሰርዘው ካፌ ይቀይራሉ። በአንድ ረፋድ አራት ካፌ፣ ሰባት ወንበር፣ ዜሮ ስንኝ! አንድ ቀን «እዚህ ብርሃኑ ይሻላል» ብለው የኔን ወንበር አስለቀቁኝ። ተቀመጡ፤ ጣሪያውን አዩ፤ «አይ፣ ይቺም አልሆነችም አቦ!» ብለው ወጡ። የወርቅ ቤቱ ጋሽ ደምመላሽ ለልጃቸው ሰርግ ግጥም ቢለምኗቸው፣ ያደረሱት ለክርስትና ነው። ለልጅ ልጃቸው ክርስትና።

ወሬውን ያመጡትም ጋሽ ደምመላሽ ናቸው። «በዓይኔ በብረቱ! በር የሚያክል ሻንጣ ሲገዙ!»

የካፌያችን ባለቤት እትዬ የሺዓለም «ባዶ ትከሻቸውንማ አንሸኛቸውም» ብለው ጋቢ አዘጋጁ። እኔ «እሰይ፣ ወንበሬ ተረፈ!» አልኩ። አልኩና በዚያው ጠዋት ሦስት ካፌ ቀያየርኩ፤ አንዷም አልሆነችም።

ሐሙስ ረፋድ ክቡርነታቸው ሻንጣውን እየጎተቱ ገቡ። አፋቸውን ሳይከፍቱ ጋቢው ትከሻቸው ላይ አረፈ። ጋሽ ደምመላሽ ብድግ ብለው ምርቃቱን አወረዱት።

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግልዎ!»

«አሜን!»

«ከዘመድ በሰላም ያገናኝዎ!»

«አሜን!»

ከሁላችንም የክቡርነታቸው «አሜን» ይጎላል። ዘጠኝ ዓመት ፒያሳ የኖረ ሰው ምርቃት አያቋርጥም፤ የጋሽ ደምመላሽ ምርቃት ደግሞ ቶሎ አያልቅም። እትዬ የሺዓለም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ሳላስበው ከወንበሬ ተነሳሁና «ይቀመጡ እባክዎ፣ እዚህ ብርሃኑ ይሻላል» አልኩ።

ተቀመጡ። ጋቢውን ደህና አድርገው ተከናነቡ።

«ለመሆኑ የት ነው የምሄደው?»

«አሜሪካ ነዋ!» አሉ እትዬ የሺዓለም።

«ማን አለ?»

ሁላችንም ጋሽ ደምመላሽን አየን። ጋሽ ደምመላሽ ሻንጣውን አዩ። ክቡርነታቸው ከፈቱት፤ እስከ አፉ የሞላው የተሰረዘ ወረቀት ነው።

«የቤቴ ጣሪያ እያፈሰሰ ረቂቄን አበሰበሰው፤ ሻንጣው ለሱ ነው። መጽሐፉ አላለቀም። አሜሪካም አልሄድም» አሉና፣ እትዬ የሺዓለም እጃቸውን ሲዘረጉ አይተው ጋቢውን ጠበቅ አደረጉ። «ይሄንንም አልመልስም!»