ሸኚው ጋሽ ደርበው

በየሰፈሩ አንድ ሸኚ አይጠፋም። ሱቅ ደርሼ ልምጣ ስትሉት ጋቢውን ደርቦ የሚነሳ፣ እምቢ ብትሉት የሚቀየም። እንጅባራ ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አቶ ደርበው ናቸው፤ የመምህርት ፀደይ አከራይ። ይህቺ ምስኪን ምን በድላ ይሆን?

ፀደይ ሦስት ዓመት ሙሉ ጥርባ ሐይቅ ዳር አንዲት የውሃ ተርብ ስታሳድድ ኖራለች። ሌሎቹ ተርቦች ውሃው ላይ ሞልተዋል፤ ይህቺኛዋ ግን ክንፏ ሥር ቡናማ ጥላ አላት፣ እንደ ልብም አትገኝም። ነፍሳት የሚያጠኑት አዋቂዎች ደግሞ "ጥርት ያለ ፎቶ ካላየን መኖሯን አናምንም" ብለዋታል። ውርጩ ሳይገባ ካላነሳቻት የዘንድሮውም ልፋት ውሃ በላው።

ታዲያ በ2011 ዓ.ም. መስከረም፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ባጃጅ ስትጠራ ጋሽ ደርበው ቀድመዋት ይገባሉ።

"ብቻሽንማ አይሆንም ልጄ! ጅብ አለ፣ ጋኔን አለ፣ የሰው ዓይን አለ!"

በጠራራ ፀሐይ የምን ጅብ? ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ደግሞ መንገደኛውን ሁሉ እያስቆሙ የልጁን፣ የከብቱን፣ የድንቹን ደኅንነት ይጠይቃሉ። በአማርኛ የጀመሩትን በአዊኛ ይደግሙታል። ፀደይ ጥርሷን ነክሳ ትችላለች።

የመስቀል ሰሞን ተርቧ መጣች። ፀደይ በሆዷ ተኝታ፣ ትንፋሿን ውጣ ካሜራዋን ስታነጣጥር ጋሽ ደርበው ከኋላዋ "ኖር!" ብለው አምባረቁ። ለካ መምሬ ዓለምነው እያለፉ ኖሯል። አይ አስተዳደግ! ቄስ እያለፉ እንዴት ትተኛ? ብድግ አለች። ተርቧም ብድግ አለች፣ ሄደች።

"አሁንስ በቃኝ! ምናለ ቢተዉኝ ጋሽ ደርበው? ልፋቴን ሁሉ ገደል ከተቱብኝ!"

በትልቅ ሰው ላይ ጮኻ አታውቅም። ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈቻቸው።

በሳምንቱ አሁንም ባጃጁ ውስጥ አሉ! አፋቸውን ግን ለጉመዋል። ፊቷን አዙራባቸው ተጓዘች። ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ እንዳሉ ተርቧ ስትበር መጣችና፣ ያ ሁሉ ቄጠማ እያለላት፣ የጋሽ ደርበው ጉልበት ላይ አረፈች።

ፀደይ ካሜራዋን አነሳች። ይኼኔ መምሬ ዓለምነው ብቅ አይሉም?

"እንዴት ዋልህ ደርበው?"

ጋሽ ደርበው አልተነሱም። አልመለሱም። ላብ በግንባራቸው ወረደ። መምሬ መስቀላቸውን ዘርግተው ጠበቁ፣ ጠበቁና፣ "ጉድ እኮ ነው! ምን በደልሁት?" እያሉ ተቀይመው ሄዱ። ፀደይ የተርቧን ክንፍ ከነጥላው አነሳችው።

ፎቶውን ያዩት አዋቂዎች ደወሉላት። "እውነትም እሷው ናት! ብቻ ይህን የሽማግሌ ጉልበት ቁረጪውና መልሰሽ ላኪልን።"

ፀደይ ደሟ ፈላ።

"የማን ጉልበት ነው የሚቆረጠው?" ብላ ስልኩ ላይ ጮኸች። "እንዳለ ውሰዱት፤ አለዚያ ተርቧም ትቅርባችሁ!"