ንግግር የማይሰማው ድምፅ ሻጭ

ስታናግሩት የማይሰማ ነጋዴ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ደሴ ሰኞ ገበያ አንዱ ገጥሞኝ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

አባቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ጆሯቸው ደክሟል። ድራማ ሲያዩ ሙዚቃው ይሰማቸዋል፤ ንግግሩ ግን አይለይላቸውም። “ምን አለች?” ብለው እኛን መጠየቅ ያሳፍራቸዋል። ንግግር የሚያጠራውን፣ ቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጠውን የመሀል ስፒከር ልንገዛ አብረን ሄድን።

“የመሀሉን አሳየን” አልኩት ሻጩን።

“መጀመሪያ ቤዙን ስማው!” ብሎ ለቀቀው። ወፍራሙ ድምፅ መደርደሪያውን አንቀጠቀጠው።

“ልጄ፣ እኔ የምፈልገው የሰው ንግግር ነው” አሉት አባቴ።

የሰማ መስሎ ራሱን ነቀነቀና ድምፁን ጨመረው! አባቴ አፍረው አንገታቸውን ደፉ።

ወላሂ፣ አልቻልኩም! ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩት።

ሻጩ ደንግጦ፣ “ምን ነበር ያሉኝ፣ አባባ?” አለ።

አባቴ ቀና ብለው፣ “ሌላ ሱቅ አሳየኝ ነው ያልኩህ” አሉት።