ከአውሮፕላን ላይ የተላከ ምርቃት

የሰው ልጅ ወፍ ባየ ቁጥር ክንፍ እየተመኘ ስንት ዘመን ኖረ። መጀመሪያ የበረሩት ሰዎች ከድንጋይ ውርወራ ብዙም አልራቁም ይባላል፤ ዛሬ ግን ሰው ከደመና በላይ ተቀምጦ ምሳውን ይበላል፣ አልፎ ተርፎም ሻዩ ቀዘቀዘ ብሎ ይነጫነጫል። አመል ነው፤ ሰማይ ብታወጡትም ማጉረምረሙን ይዞ ነው የሚወጣው።

የእኛ፣ ሱዳን ተሻግረን ገዳሪፍ የምንሠራ ሰዎች፣ የአውሮፕላን ታሪክ ትንሽ ለየት ይላል። እኛ ጠያራን፣ አውሮፕላንን በዚያ አገር አፍ፣ ያወቅናት ከታች ሆነን ነው። ድሮ ማሽላውን ለሚጨርሰው የግሪሳ ወፍ መድኃኒት ልትረጭ ዝቅ ብላ ስትመጣ፣ ማጭዳችንን ጥለን እጃችንን እናውለበልብላት ነበር። የሱዳን ጦርነት ከመጣ ወዲህ ደግሞ ድምፅዋን ስንሰማ ማጭዳችንን ጥለን ወደ ዛፍ ሥር እንሮጣለን። ያው ማጭዱ መውደቁ አልቀረም።

ስለዚህ አያ ጓዴ በአውሮፕላን ሊሄዱ ነው ሲባል የምናጭድባት የባሱንዳ አጫጅ ሁሉ ጉድ አለ። አያ ጓዴ የደምቢያ ሰው ናቸው፤ በሰው አገር ሰሊጥና ማሽላ ሲያጭዱ ጸጉራቸው ሸብቷል። የትልቋ ልጃቸው ሰርግ አጨዳ ላይ እያሉ አመለጣቸው። ልጅቱ የአባቷን ጉልበት ሳትስም፣ ሳትመረቅ ነው የተዳረችው፤ ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል። አሁን ተራው የታናሿ የትርንጎ ነው። በመተማ በኩል ያለው መንገድ ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን ተዘጋ። እኔም እዚያው አጠገብ ዶካ ከተማ ትራክተር ስጠግን ከርሜ አገሬን ልጠይቅ ስል ስለነበር አብረን ተነሣን፤ በአውቶቡስ እስከ ፖርት ሱዳን፣ ከዚያ በአየር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ እንደገና በአየር ጎንደር። ጎረቤቱን ለመጠየቅ በባሕር የዞረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ነን።

አዲስ አበባ ላይ በረራው ዘገየ።

«ኸላስ፣ አበቃ፣ ቀረሁ! ሙሽራው ቀትር ላይ ይዟት ይሄዳል» እያሉ አያ ጓዴ ሊያለቅሱ ደረሱ። ተነሥተን ጣናን ስናልፍ ቀትር አልፎ ነበር።

አውሮፕላኑ ለማረፍ ዝቅ ሲል፣ መስኮቱ ጥግ የተቀመጡት አያ ጓዴ ብድግ ሊሉ ሲሉ ቀበቶው ያዛቸው። «ያ ነጭ ዳስ! የልጄ ዳስ ነው!» ብለው ጮኹ። እንግዲህ በዶካ ሎሪ ተሳፍራችሁ ካላወቃችሁ ቀጥሎ የሆነው አይገባችሁም። እዚያ ከጆንያ በላይ የተቀመጠ ተሳፋሪ መውረድ ሲፈልግ የጋቢናውን ጣሪያ በመዳፉ ይደበድባል፣ ሾፌሩም ያቆምለታል። አያ ጓዴም ረጅም እጃቸውን ሰቅለው ጣሪያውን ዱም ዱም አደረጉና፣

«ወራጅ አለ!» አሉ።

ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። አስተናጋጇ ከመቀመጫዋ ሆና፣ «አባባ፣ እዚህ አይቆምም እኮ» አለቻቸው።

«አውቃለሁ ልጄ፤ እጄ ለምዶበት ነው» አሉ አፍረው። ቀጥለው በመስኮቱ ወደ ዳሱ ጠቆሙ። «ልጄን ሳልመርቃት ሊወስዱብኝ ነው።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ከኋላችን የነበሩ ነጠላ ያጣፉ እናት፣ «ታዲያ ከዚሁ ይመርቋት! ምርቃት መንገድ አይዘጋበትም» አሉ። አያ ጓዴ ሁለቱንም እጃቸውን ወደ መስኮቱ ዘረጉ።

«ትርንጎዬ፣ ውለጂ ክበጂ፤ ማጀትሽ አይጉደል፤ የአባትሽ ስደት አይድረስብሽ!»

አውሮፕላኑ ሙሉ «አሜን!» አለ፤ እናትየዋም እልልታውን አቀለጡት። እኔ አለቀስኩ፤ ለምን እዋሻለሁ?

ደምቢያ ስንደርስ ትርንጎ እቤቷ ተቀምጣለች። የሙሽራው መኪና ጎማው ተንፍሶ መንገድ ላይ ቀርቷል። የእኛ ሰው ማርፈዱ ለአንድ ቀን እንኳ ሲጠቅም አየሁ። ልጅቱ አባቷን ስታይ እየሮጠች መጥታ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች፤ እሳቸውም የሰማዩን ምርቃት አንድ ቃል ሳያጎድሉ ደገሙላት። ከዚያ ቀና ሲሉ ዳሱን አዩት። ዳሱ አረንጓዴ ነው። አምና ራሳቸው ከባሱንዳ የላኩት የሰሊጥ መውቂያ ሸራ!

«እኛ የማንን ልጅ ነው የመረቅነው?» ብለው በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። በጥር ወር ዳስ የሌለበት መንደር የት አለና! ጥቂት አሰብ አደረጉ። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፤ እሷም አባት ይኖራታል። ምናልባት መንገድ የተዘጋበት።»

መንገዱ ሲከፈት ለአጨዳ ተመልሰናል። ዛሬም አውሮፕላን ሲያልፍ ሁላችንም ወደ ዛፉ እንሮጣለን። አያ ጓዴም ይሮጣሉ፤ ፈሪ ለእናቱ ነው። ዛፉ ሥር ሲደርሱ ግን ቆባቸውን አውልቀው «አሜን» ይላሉ። ምነው ስላቸው፣

«የልጁ ሰርግ ያመለጠው አባት ተሳፍሮ ቢሆንስ?» አሉኝ።

እኔ በዚህ ሰማይ ምርቃት ያልፋል ብዬ አላምንም። አሜን ማለት ግን ምን ይጎዳል? እየሮጥኩ እላለሁ።