እትዬ እድሳት ያፏጫሉ

ሰው በሚኖርበት ሕንጻ ሁሉ አንድ የማያረጅ ጎረቤት አለ። የእኛ ሕንጻ ውስጥ የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ደረጃ ላይ ሰው ሲያልፍ ቀና ብላችሁ አታዩም ማለት ነው። ይህ ጎረቤት በየዓመቱ ለጥቂት ሳምንታት ይጠፋል። የት ጠፋህ ሲሉት ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ነበር ይላል፤ ሲመለስ ግን አምስት ዓመት ከዕድሜው ላይ ቀንሶ ነው። እነዚህ ዘመዶች የት እንደሚገኙ ብናውቅ ሁላችንም በሄድን ነበር። እኛ የምንጠይቃቸው ዘመዶች ዕድሜ የሚጨምሩብን ብቻ ናቸው።

በእኛ ሕንጻ የዚህ ማዕረግ ባለቤት ክብርት እትዬ እድሳት ናቸው። ስሙን ያወጣችላቸው ባለቤቴ ናት። ሕንጻችን ከተሠራ ጀምሮ ቀለም ነክቶት አያውቅም፤ የደረጃው መደገፊያ ይወዛወዛል፤ ጣራው ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል። «እዚህ ቤት የሚታደሱት እሳቸው ብቻ ናቸው» አለች አንድ ቀን፤ ስሙ በዚያው ጸደቀ። ሥራቸው መጋረጃ መስፋት ነው። ልክ ከእኛ በላይ ባለው ቤታቸው የስፌት መኪናው ከጠዋት እስከ ማታ ይንደቀደቃል። ዕድሜውን ሙሉ መጋረጃ ሲሰፋ የኖረ ሰው የተጨማደደ ነገር ሲያይ እጁ አያርፍም፤ የእትዬ እድሳትም ጣጣ የጀመረው ከዚህ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የታደሰው ዓይናቸው ነው። ጠፍተው ከርመው ጥቁር መነጽር አድርገው መጡ። መብራት በሌለበት ደረጃ ላይ፣ በጥቁር መነጽር፣ ግድግዳ እየዳበሱ ሲወጡ አግኝቻቸው ደግፌ አወጣኋቸው። መነጽሩን ባወለቁ ቀን ከዓይናቸው ሥር ተንጠልጥሎ የነበረው ከረጢት የለም። ባለቤቴ እንዴት አማረብዎት ብትላቸው መልሳቸው አጭር ነበር።

«ትራስ ቀይሬ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ነገር መልሱ ትራስ ሆነ። ከአገጫቸው ሥር የተንዘረጠጠው ቆዳ ሲሰበሰብ፣ ትራስ ነው። አፍንጫቸው ላይ የነበረው ጉብታ ሲጠፋም ያው ትራስ ነው፤ ትራስ አጥንት እንደሚያስተካክል የተማርነው ያኔ ነው። ባለቤቴ፣ በየዋህነት ሳይሆን በተንኮል፣ ትራሱን ከየት እንደገዙት ጠየቀቻቸው። ዓይናቸውን ሳያሹ አሁን ገበያ ላይ አይገኝም አሏት።

አፍንጫው መዘዝ አላጣም። የሕንጻው ጥበቃ በር ላይ አስቁሞ ማንን ፈልገው ነው አላቸው። ይህ ሰው ስንት ዓመት ሙሉ በየቀኑ በር ሲከፍትላቸው የኖረ ነው። እትዬ እድሳት በደሉን ላገኙት ሁሉ በምሬት ሲያወሩ ከረሙ፤ ምሬቱ ግን ከአፋቸው አያልፍም፤ በደስታ ሊበሩ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ግንባራቸውን በመርፌ ባስተኙ ሰሞን ደግሞ ከታች ፎቅ ሰው ሞቶ ሐዘን ልንደርስ አብረን ገባን። ከልባቸው ነው ያዘኑት፤ እንባቸው እየወረደ ነው፤ ለግንባራቸው ግን ማንም አልነገረውም። ፎቶ ሊነሳ የተዘጋጀ በሚመስል ፊት ላይ እንባ ሲወርድ ማየት ያስደነግጣል። የሟች ሚስት ደጋግማ አየቻቸው፤ በመጨረሻ ምን እንደሆኑ ግራ ቢገባት ተነስታ ያጽናናቻቸው እሷ ሆነች።

ይህን ሁሉ የሕንጻው ሰው ያውቀዋል። እኔ ብቻ የማውቀው ሌላ ነገር አለ፤ እትዬ እድሳት ያፏጫሉ።

የሚያፏጩት ዘፈን አይደለም፤ ወሬ ነው። ከግቢው ማዶ ባለው ሕንጻ፣ ከእሳቸው በረንዳ ትይዩ፣ ታላቅ እህታቸው ይኖራሉ። ሁለቱ ያደጉት በአንድ ገደል ግራና ቀኝ በተሠራ መንደር ነው። ከወዲህ ወዲያ ለመሻገር ግማሽ ቀን ስለሚፈጅ የመንደሩ ሰው ንግግሩን በፉጨት ይልከው ነበር። ምልክት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያንኑ የተለመደ ዓረፍተ ነገር፣ ድምፅ የሚወጣበትንና የሚወርድበትን፣ የሚረዝምበትንና የሚያጥርበትን ተከትለው በከንፈር ያወጡታል። መንደሩ ከተበተነ ቆየ፤ ሽማግሌዎቹም አለቁ። ከወላጅ የተረፈው ውርስ ይኸው ፉጨት ነው፤ የሚናገሩትም ሁለቱ እህትማማቾች ብቻ ቀርተዋል። እነሱ እንደዚያ ነበር የሚያምኑት።

ሦስተኛው እኔ ነኝ። ለጋዜጣ የምጽፈውን የምጽፈው በረንዳዬ ላይ ነው፤ ፉጨቱ ከአናቴ በላይ ተነስቶ ማዶ ይደርሳል፤ መልሱም በእኔው ላይ አልፎ ይመለሳል። ባለቤቴ ዛሬም ድረስ ወፍ ነው የምትለው። እኔም መጀመሪያ ወፍ መስሎኝ ነበር፤ ግን ይህ ወፍ ባፏጨ ቁጥር ማዶ ያሉት ሴትዮ ወጥተው ልብስ ከገመድ ይሰበስባሉ፤ ወዲያው ዝናብ ይመጣል። «ዝናብ» የሚለውን የያዝኩት በዚህ ነው። «ውኃ መጣ» የሚለውን ደግሞ ሁለቱም በረንዳ ላይ ባልዲ ሲንኳኳ ያዝኩ። እያለ እያለ ሙሉ ወሬ ይገባኝ ጀመር፤ አንዴ ከገባኝ በኋላ ጆሮዬን ልድፈን ብልም አልተቻለኝም።

ታላቅየዋን ደጅ ላይ ብታገኟቸው ዝምተኛ ናቸው። ጆሯቸው ደክሟል፤ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያወራቸውን ሰው እንኳ ግማሹን ነው የሚሰሙት፤ ስልክማ ጭራሽ ትተውታል። ፉጨት ግን አያመልጣቸውም፤ ሲያፏጩም ምላሳቸው ምላጭ ነው። እትዬ እድሳትም ለእኛ በአፋቸው የሚዋሹትን ሁሉ ለእህታቸው በፉጨት አንድም ቀን ዋሽተው አያውቁም። ነገ ዓይኔን ላሠራ ነው ይላሉ በግልጽ። ከዓይንሽ ሥር ያለው ከረጢት እኮ የእናታችን ነው፣ ጥለሽው ልትመጪ ነው ወይ ይላሉ እህትየዋ። ስለ አፍንጫውማ ታላቅየዋ፣ የአባታችንን አፍንጫ የት አደረግሽው ብለው አፏጩ። ሻዩ ትን ብሎኝ ልሞት ነበር።

ታላቅየዋ የማይቀልዱበት አንድ ነገር ብቻ አለ።

«ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊው» አሉ አንድ ቀን። «አፍሽን ግን እንዳትነኪ። አፍሽ የኔም ነው።»

እትዬ እድሳት እሺ አሉ። ግን መስተዋት የሚባል ነገር አለ፤ የላይኛው ከንፈር እየቀጠነ መሄድም አለ። ባለፈው ጊዜ ሲጠፉ ለእህታቸው አንዲት ቃል አላፏጩም፤ የሆነ ነገር እንዳለ ያኔ ጠረጠርኩ። ሲመለሱ አፋቸውን በሻርፕ ሸፍነዋል። ደረጃ ላይ ሻርፑ ሸርተት ሲል አየሁት፤ ከንፈራቸው አብጦ፣ እንደተሳበ መጋረጃ ወደ አፍንጫቸው ተሰብስቧል።

በማግስቱ ጠዋት ታላቅየዋ አፏጩ። ከላይ መልስ የለም። ደግመው አፏጩ። ከላይ እንደተነፈሰ ኳስ ፍስስ የሚል ነገር ተሰማ፤ እኔ ቅርብ ስለሆንኩ ሰማሁት እንጂ ግቢውን የሚሻገር አልነበረም።

እትዬ እድሳት ተሻግረው መሄድ አያቅታቸውም፤ ግቢው እኮ ግቢ ነው። ግን ከሄዱ አፋቸው ሊታይ ነው። ስለዚህ በጥበቃው በኩል ገና ከዘመድ አልተመለሱም አስባሉ። ታላቅየዋ ደግሞ የታናሻቸው መብራት ሲበራና ሲጠፋ በመስኮት ያያሉ፤ ሞኝ አይደሉም። አመመሽ ወይ ብለው አፏጩ። በማግስቱ፣ ስለ አፍንጫሽ ያልኩሽ አስቀየመሽ ወይ አሉ፤ እየቀለድኩ እኮ ነው አሉ። ያን ቀን ምንም መጻፍ አልቻልኩም። በሦስተኛው ቀን ፉጨቱ ቀጥ ያለና አጭር ነበር። ልጃቸው አብረሽኝ ኑሪ እያለ ሲለምናቸው እንደኖረ፣ ቅዳሜ መጥቶ እንደሚወስዳቸው፣ ከእንግዲህ ታናሻቸውን እንደማያስቸግሩ ተናገሩ። ከዚያ መስኮታቸው ሲዘጋ ሰማሁ።

ከላይ የስፌት መኪናው ቆመ። ያ ፍስስታ ደጋግሞ መጣ፤ እየቆየ ሲሄድ ለቅሶ እንደሆነ ገባኝ። አንጀቴን በሉት። እስክሪብቶዬን ጥዬ ወጣሁና በራቸውን አንኳኳሁ።

«እህትዎ ቅዳሜ ሊሄዱ ነው» አልኳቸው።

«ማን ነገረህ?»

«አሁን አፏጭተው ለእርስዎ ሲነግሩ ሰማሁ።»

ፊታቸው ላይ ምንም ነገር አልታየም፤ ሊታይም አይችልም። እጃቸው ግን ሻርፑን ጨምድዶ ያዘ፤ እጅ የሚያድስ ሐኪም ገና አላገኙም።

«ከመቼ ጀምረህ ነው የምትሰማው?»

«ከዓይንዎ ጀምሮ።»

ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ማፏጨትስ ትችላለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሞክሬ እንደማላውቅ ብነግራቸውም ክንዴን ይዘው ወደ በረንዳው ወሰዱኝ። እሳቸው ሊነግሩኝ፣ እኔ ላፏጭ ነው።

የጥርስ ሕመም ነው በላት አሉኝ። እዚህ ላይ ችግር ገጠመን። መስማትና ማፏጨት ለየቅል ናቸው፤ ከጆሮዬ ወደ ከንፈሬ የሚወርድልኝ ደጋግሜ የሰማሁት ቃል ብቻ ነው፤ ጥርስ የሚለውን ደግሞ ሲያፏጩት ሰምቼ አላውቅም። እንዳያስተምሩኝ ከንፈራቸው እምቢ አለ። እንግዲያው ንብ ነደፋት በላት አሉ፤ ንብም የለኝም። መድኃኒት ሳይስማማት ቀርቶ ነው በላት አሉ። ሰበቡን ሁሉ እየደረደሩ፣ እኔም አላውቀውም እያልኩ ቆየን፤ ከእነሱ የተማርኩት ቋንቋ ውስጥ ሰበብ የሚሆን ቃል አልነበረም። ምን ምን ታውቃለህ ቢሉኝ፣ ዝናብ አልኩ፣ ውኃ አልኩ፣ ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ፣ መንካት።

እትዬ እድሳት ማዶ የተዘጋውን መስኮት ሲያዩ ቆዩ።

«የምታውቀውን በላት» አሉ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ምራቅ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ጥበቃው ከበሩ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። በሦስተኛው ግን ወጣ፤ ተንጋደደ እንጂ ወጣ። አፏን ነክታዋለች፣ አልኩ።

መስኮቱ ተከፈተ። ታላቅየዋ ሁለታችንንም አዩን፤ ከዚያ መጀመሪያ ያፏጩት ለእኔ ነበር።

«የታች ቤቱ፣ መቼ ነው የምትናገረው ስል ነበር። ስቀልድ ሁልጊዜ ትስቃለህ።»

እትዬ እድሳት ዞር ብለው አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«አሁን እሷን ላካት» አሉ ታላቅየዋ። «ሻርፑን ትታ ትምጣ።»

ትተውት ሄዱ። ሰው ልብስ በሚያሰጣበት፣ ጥበቃው በቆመበት ግቢ፣ ያበጠ ከንፈራቸውን ይዘው በእኩለ ቀን ተሻገሩ። ሰው ሲያያቸው አየሁ፤ እሳቸው ወደ ማንም አላዩም። ታላቅየዋ በር ላይ ጠበቋቸውና አገጫቸውን ይዘው ፊታቸውን ወደ ብርሃን አዞሩ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ፊት ለፊት ቆመው በአፋቸው ነው ያወሩት፤ አልሰማሁም፤ ባለመስማቴም ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ልጃቸው መጣ፤ ምሳውን በልቶ ብቻውን ተመለሰ።

ሐኪሙ እብጠቱ ቀስ እያለ ይጎድላል ብሏቸዋል፤ የተሳበው ከንፈር ምን ያህል እንደሚመለስ ግን እሱም አልማለም። እስኪጎድል ድረስ የእትዬ እድሳት አፍ ሆኜ ሠራሁ። ጠዋት ጠዋት ከላይ ወደታች የሚሉትን ይሉኛል፤ እኔ ወደ ማዶ አፏጫለሁ። ታላቅየዋ አጠራሬን ያርማሉ፤ «ውኃ» ስል ሌላ የማይነገር ነገር እንደምል ነግረውኛል። ባለቤቴ ወፏን ማን አስለመዳት እያለች ግራ ገብቷታል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ እብጠቱ ቶሎ እንዲጎድል ከልቤ አልጸለይኩም። ስንት ዓመት ሙሉ የሳቅኩባቸውን ሴትዮ እወዳቸው ኖሯል፤ ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት፣ ሻዬን ይዤ እንደተቀመጥኩ፣ ከላይ እውነተኛው ፉጨት ወጣ። ትንሽ ነፋስ ገብቶበታል፣ ትንሽ ያዘነብላል፤ ግን እሳቸው ናቸው። ማዶ ያሉትም ወዲያው መለሱ። ስለ ዝናብ አወሩ፤ ስለ ውኃ አወሩ፤ ስለ ልጃቸው አወሩ። እኔ ሥራዬ እንዳበቃ ገባኝና ወደ ወረቀቴ አቀረቀርኩ።

ድንገት ፉጨቱ ከላይ መጣ፦

«የታች ቤቱ፣ ዛሬ ምነው ጠፋህ?»

ቀና ብል ማዶ ያሉት መስኮታቸው ላይ ተደግፈው ያዩኛል፤ ከላይም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ሁለቱም እየጠበቁ ነው። የእነሱን ዓይን፣ የእነሱን አፍንጫ፣ የእነሱን አፍ ስንት ዓመት ስሰማ ኖሬ፣ ስለ ራሴ ግን ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። እነሱ ጠዋት ጠዋት የሚባባሉትን አስታወስኩና፣ ከንፈሬን አሹዬ የቻልኩትን ያህል አፏጨሁ፤ አለሁ አልኩ።