የሊቀ ሊጥ ወልዱ ቁጣ

ገንዘብህን ተቀብሎ የሚቆጣህ ሰው የሌለበት ሰፈር፣ ሰፈር አይባልም። አንዱ ጋ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ “ራስህን አታነቃንቅ” እያለ አገጭህን ይዞ ያዞርሃል። ሌላው ጋ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱሪ ልታሳጥር ሄደህ ስለ አረማመድህ ተመክረህ ትመለሳለህ። የእኛ የቀጨኔዎቹ ምግብ አብሳይ ነበሩ። በዘመኑ አጠራር ጓድ ወልዱ፣ ቤተ ክህነት ባታውቀውም በእኔ ሹመት ሊቀ ሊጥ ወልዱ።

ጋሽ ወልዱ ሰሜን ውስጥ መንገድ ይሠሩ በነበሩ ቻይኖች ካምፕ ስድስት ዓመት ወጥ ቤት አገልግለዋል። ካንቶን ከሚባል አገር የመጣ አንድ ሽማግሌ አብሳይ ፓስታ በእጅ መሥራትና የሩዝ ሙቅ ማፍላት አስተማራቸው። መንገዱ ሲያልቅ ቻይኖቹ አገራቸው ገቡ፤ እሳቸው ደግሞ ሙያውንና ሦስት ሜትር የሚሆን ቀርከሃ ይዘው ቀጨኔ ገቡ። በ1976 መጀመሪያ ላይ ሁለት ጠረጴዛና አራት አግዳሚ ወንበር ያላት ምግብ ቤት ከፈቱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቀርከሃው አንድ ጫፍ ግድግዳው ላይ በተመታ የብረት ቀለበት ውስጥ ይገባል። በዱቄትና በእንቁላል ብቻ የተለወሰው ሊጥ ከመሐሉ ሥር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በሌላው ጫፍ የስልሳ ዓመቱ ጋሽ ወልዱ በቅሎ እንደሚጋልብ ሰው ተፈናጥጠው ይዘላሉ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ግድግዳው ይነቃነቃል፣ ሊጡ ይሳሳል። “የሊጥ መዳመጫ ለሰነፍ ነው” ይላሉ ላባቸውን እየጠረጉ። ከዚያ በቢላዋ ክር አሳክለው ይቆርጡታል፤ እንዲህ ያለ ፓስታ ፋብሪካ አይቶት አያውቅም።

አበላሉ ግን ፈተና ነው። አንድ ቀን ሳልቀምስ ሚጥሚጣ ብነሰንስ ሳህኑን ከፊቴ አነሱት። “ቅመሰው መጀመሪያ። ያልቀመስከውን ምን ብለህ ታርመዋለህ?” ከጓደኛዬ ጋር ሳወራ ደግሞ “ፓስታ ወሬ አይወድም፤ እየሳብክ ብላ፣ ድምፅህ ይሰማኝ” አሉኝ። እናቴ ድምፅ ሳላሰማ እንድበላ የደከመችው ድካም እዚያች አግዳሚ ላይ ውኃ በላው።

ረቡዕና ዓርብ በእንቁላሉ ምክንያት ፓስታ የለም፤ የሩዝ ሙቅ ብቻ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሙቅ የአራስ ነው። በመጀመሪያው ረቡዕ ከእኔ በቀር ደፍሮ የተቀመጠ ወንድ አልነበረም። ገና አንድ ማንኪያ እንዳነሳሁ ጎረቤቱ ባለሱቅ ጀላል በበሩ ብቅ ብሎ፣ “እንኳን ማርያም ማረችህ” አለኝ። በኀፍረት ልወጣ ስነሳ ጋሽ ወልዱ ጭልፋቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

“ቁጭ በል። ተራራ የናዱ ሰዎች ይህንን እየጠጡ ነው የናዱት።”

ተቀመጥኩ። ሩዙ ሦስት ሰዓት ፈልቶ ፍሬው ሟሙቷል፤ ዝንጅብሉ ከሩቅ ይመጣል። አንጀቴ ራሰ። በወሩ ጀላልን ጨምሮ ከዊንጌትና ከቁስቋም ድረስ የሚመጣው ወንድ ሁሉ አራስ ሆነ፤ ረቡዕ መቀመጫ ጠፋ።

በዚያ ዘመን ግን ማለዳ ከተዘጋ ቤት የሚሰማ ዱም ዱም ሌላ ትርጉም ነበረው። ሰው ድብቅ ወረቀት የሚያባዛ ማሽን ነው የሚመስለው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እኔ ቁርስ ስጠብቅ የቀበሌው ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ደበላ ሁለት መሣሪያ የያዙ ልጆች አስከትሎ ገባ።

“ማሽኑ የታለ?”

“ይኸው፣ ተቀምጬበታለሁ” አሉ ጋሽ ወልዱ መዝለላቸውን ሳያቆሙ።

“ይውረዱ።”

“ሊጥ መሐል ላይ አይተውም። አንተ ደግሞ ያንን ጠመንጃ ከዱቄቴ አርቅልኝ።”

ፈራሁ። ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ የሄደ ሰው ሁሉ አይመለስም ነበር። ቤቱ ተፈተሸ፤ ከዱቄት ሣጥኑ ሥር በቻይና ፊደል የተጻፈ ወረቀት ወጣ።

“ምንድን ነው የሚለው?”

“የሊጥ ልክ ነው። አስተማሪዬ ጽፎልኝ ነው።”

“እስቲ ያንብቡልኝ።”

“እኔም ማንበብ አልችልም።”

ይዘዋቸው ሄዱ። እኔ በቀበሌ በር ላለማለፍ መንገድ የማዞር ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን እግሬ ተከትሏቸው ሄደ። ጓድ ደበላ ወረቀቱን ገልብጦ ሲያይ ቆየና ጉዳዩ እስኪጣራ ዋስ ካላቸው ቤታቸው ሆነው መጠበቅ እንደሚችሉ ነገረን። ከጠፉ ወይም ነገር ከተገኘባቸው በእሳቸው ቦታ እስር ቤት የሚገባው ዋሱ ነው። ዞር ብዬ አየሁ፤ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። እጄን አወጣሁ። ጋሽ ወልዱ ይህን ጊዜ ገና አዩኝ።

“አንተ ልጅ፣ ድስቱን እሳት ላይ ትተህ ነው የመጣኸው?”

ጸሐፊው ቅጹን አወጣ። ስሜን፣ ሥራዬን፣ የቤት ቁጥሬን ሞላ። ዝምድና የሚለው ላይ ሲደርስ ብዕሩን አንስቶ ጠበቀኝ። ደንበኛ ዝምድና አይደለም። እናትና አባቴ ካለፉ ወዲህ በዚህ ከተማ ዘገየህ፣ ከሳህ፣ ጨርሰህ ብላ ያለኝ ሌላ ሰው እንዳልነበረ ያወቅሁት እዚያ ቆሜ ነው።

“ምንህ ናቸው?” አለ ጸሐፊው።

“ተቆጪዬ ናቸው።”

ጥቂት አየኝና “አባት” ብሎ ጻፈ። ፈረምኩ።