ከይማም ስም ጎን ያለው ባዶ

እንዲያው ልጠይቅዎትና፣ ባዶና ዜሮ አንድ ናቸው ይላሉ? እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስሁ፣ የሰፈራችንን የቅሬ መዝገብ ለሃያ ዓመት በእጄ የጻፍሁ ሰው፣ መልሱን ያገኘሁት ከጎረቤቴ ልጅ ነው።

ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀብርበታል። ለቀብር የመጣ አንድ፣ የቀረ ዜሮ ይጻፍበታል። ድምሩ ከደንቡ ያነሰ ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ደግሞ ቀባሪ የለውም። እኔ ግን ይሉኝታ አለብኝ። አንዳንዱን ዜሮ ከምለው ቦታውን ባዶ እተውለት ነበር።

ዘንድሮ መዝገቡ ኮምፒውተር ገባ። ኮምቦልቻ ቢሮ የምትሠራው የጎረቤቴ ልጅ ዘይነባ ቅጹን አዘጋጅታ እዚሁ ከተማችን ፒያሳ ጠራችኝ። የቅሬያችን አባል የይማም ድምር የለም! ንግድ እያዞረው አንዳንዴ ቢቀርም፣ ስንቱን የቀበረ ሰው ድምሩ ባዶ።

«ጋሽ እሸቴ፣ ኮምፒውተሩ ባዶን ‹አላውቅም› ብሎ ነው የሚያነበው። የማይታወቅ ነገር ሲደመርበት ድምሩም አይታወቅም» አለችኝ። ባዶውን እንደ ዜሮ ቁጠር ብላ በአንድ መስመር ልታዝዘው እንደምትችልም ነገረችኝ። «ግን ያኔ ጋሽ ይማም ከደንቡ በአንድ ያንሳሉ፤ ይሰረዛሉ። መጥተው ነበር ወይስ ቀርተዋል?»

ያ ባዶ የባለቤቴ ቀብር ነው። ይማምን በዚያ አላየሁትም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ስምንት ዓመት ሰላምታ ነፈግሁት፤ ዜሮ ባለመጻፌ ግን ራሴን ደግ አድርጌ እቆጥር ነበር። አሁን የሰው ቀብር በእኔ ቃል ላይ ሲንጠለጠል ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።

«አያ እሸቴ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» አለ። በባለቤቴ ቀብር ቀን የት እንደነበር ጠየቅሁት። ሳቀ።

«ወንድሟን ከደጋን ገጠር ማን የጠራው ይመስልሃል? ስልክ አይገባ! የተገኘው አንድ ሞተር ነው፤ እሱን አስቀደምሁ። ወላሂ፣ እኔ ስደርስ አፈሩ ተመልሶ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ፊትህን ስታዞር ለማጅራትህ ልንገረው?»

በደንባችን ዘመድ ሊጠራ የሄደ እንደ መጣ ይቆጠራል። ዘይነባ አንድ ብላ ጻፈች፤ ድምሩ ብቅ አለ። ማሽኑ ያላወቀውን አላውቅም አለ፤ እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅ አወቅሁ።

ከዚያ ልጅቱ ወደ እኔ ስም ወረደችና ተገረመች። «ጋሽ እሸቴ፣ በእርስዎ መስመር አንድ ባዶ የለም፤ አንድ ዜሮም የለም!»

ከየት ይመጣል? ጸሐፊው እኔ ነበርሁ።